ስለ ሙቀት ደረጃና ስለ ሙቀት ብዛት

፩፤ እጅ የሚፈርደው ፍርድ

በገበያ ቀን ሸማ በክንድ ተለክቶ ሲሸጥ ክርክር መነሣቱ የታወቀ ነው። ገዢው ክንደ አጭር ሻጩም ክንደ ረጅም እንደ ሆኑ፥ ሸማው በአንዱ ክንድ ሲለካ ይበዛል፥ በሌላው ክንድ ሲለካ ያንሳል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን የየራሳቸው መለኪያ የገዛ አካላቸው ስለ ሆነ ሊስማሙ አይችሉም። ለሁሉ አንድ የሆነ የብረት መለኪያ በመካከላቸው ሲቀመጥ ግን ክርክሩ ወዲያው ያልቃል።

የሙቀትም ነገር እንደዚሁ ነው። ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሙቀትን የሚለካው በእጁ ነው። እጅ ግን ጉቦ እንደ በላ ዳኛ ነው፤ አስቀድሞ በነካው ነገር ተይዞ ፍርዱን ያጣምማል። ይህንንም ማንም ልጅ በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ሦስት ገበቴ ያቅርብ፤ በአንደኛው ቀዝቃዛ ውኃ፥ በሁለተኛው እጅን የማያቃጥል ሙቅ ውኃ፥ በሦስተኛውም ለብ ያለ ውኃ ይጨምር። ቀኝ እጁን በሙቁ፥ ግራ እጁን በቀዝቃዛው ውስጥ ጥቂት ጊዜ ያቆይ፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱን እጆቹን ባንድ ጊዜ ለብ ባለው ውኃ ውስጥ ያግባ። ቀኝ እጁ፥ «ይህ ውኃ ቀዝቃዛ ነው» ይለዋል፤ ግራ እጁ ደግሞ፥ «አይደለም፥ ሙቅ ነው» ይለዋል። ውኃው ግን አንድ ነው።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም ጉዳት አልነበረውም። አንዳንድ ጊዜ ግን የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ይሆናል። በአንድ ቤት አንድ ሕፃን ታመመ። እናቱ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ተመልሳ፥ እንስራዋን እንዳወረደች በቀዘቀዘ እጇ ግንባሩን ነካችና፥ «ልጄ እንደ እሳት ነደደብኝ!» ብላ ጮኸች። አያቱ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ተነሥተው፥ እሳት ባሞቀው እጃቸው ዳሰሱትና፥ «ተይ ልጄ፥ አትደንግጪ፤ ምንም አልሆነም፤ ሲያለቅስ ስለ ዋለ ነው» አሏት። ሁለቱም ልጁን ይወዱታል፤ ሁለቱም የተናገሩት እጃቸው የነገራቸውን ነው። ነገር ግን የእናቱ ቃል ቢሰማ ሕፃኑ ወደ ሐኪም ይሄዳል፥ የአያቱ ቃል ቢሰማ እቤት ይቀራል።

በዚህ ጊዜ የተጠራችው ነርስ የሙቀት መለኪያዋን በሕፃኑ ብብት ሥር አግብታ ጥቂት ቆየችና ተመለከተችው፤ 39 ዲግሪ ከግማሽ ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነውና ክርክሩ በዚህ ተቈረጠ። አያቱም አልተቈጡም፤ «እጄ አታለለኝ» ብለው ነጠላቸውን አንሥተው፥ ሕፃኑን ወደ ሐኪም ሲወስዱት አብረው ሄዱ።

፪፤ መለኪያው የሚሠራበት ምክንያት

ነገር ሁሉ ለማለት ይቻላል፥ ሲሞቅ ጥቂት ይሰፋል፥ ሲቀዘቅዝም ይጠባል። የሙቀት መለኪያ ወይም ቴርሞሜትር በመጀመሪያ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። እርሱም በመካከሉ እንደ ፀጕር የቀጠነ ቀዳዳ ያለው የመስተዋት ዘንግ ነው፤ ከታች ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ፍሬ ያለ ዕቃ አለው፤ በዚያም ውስጥ ባዜቃ ወይም ቀለም የገባበት አልኮል ተጨምሮ ይታሸጋል። ፈሳሹ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሌላ መሄጃ ስለሌለው በቀጭኑ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል። ሲቀዘቅዝም ይጠብና ይወርዳል። በዘንጉ ላይ የተጫሩት መስመሮች ዲግሪ ይባላሉ። ዲግሪ ማለት ደረጃ ማለት ነው፤ ሰው በመሰላል እንደሚወጣና እንደሚወርድ ፈሳሹም በነዚህ መስመሮች ይወጣል ይወርዳል።

ዘንጉን መሥራት ግን ብቻውን አይበቃም፤ የደረጃው ቍጥር ከየት ይጀመር የሚለው ጥያቄ ቀረ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በፈቃዱ ቢቈጥር መለኪያው ተመልሶ እንደ ገበያው ክንድ ይሆናል። ስለዚህ በየአገሩ የማይለዋወጥ ምልክት ያስፈልግ ነበር። ይህም ምልክት በውኃ ተገኘ። በረዶ ሲቀልጥ፥ ሁሉ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ፥ ሙቀቱ ከአንድ ደረጃ ፈቀቅ አይልም። ውኃም ሲፈላ፥ እሳቱ ቢበረታም እንኳ፥ ከሚፈላበት ደረጃ አያልፍም። ሊቃውንት እነዚህን ሁለቱን እንደ ድንበር ድንጋይ አድርገው ተከሉአቸው።

ዳንኤል ገብርኤል ፋራናይት የሚባል፥ በ1686 ዓ.ም. በዳንዚግ ከተማ የተወለደና በሆላንድ አገር የኖረ የመሣሪያ ሠራተኛ፥ በ1714 ጥሩ የባዜቃ መለኪያ ሠራ፤ በ1724ም የቈጠረበትን ሥርዓት አሳተመ። በዚህ ምንባብ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ዛሬ በርሱ ስም በሚጠራው ሥርዓት በረዶ በ32 ዲግሪ ይቀልጣል፥ ውኃም በ212 ዲግሪ ይፈላል። በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ የነበረው የከዋክብት መርማሪ አንደርስ ሴልሲየስ ደግሞ በ1742 በሁለቱ ድንበሮች መካከል ያለውን በ100 ደረጃ ከፈለው። የሚያስደንቀውም እርሱ ለሚፈላው ውኃ 0፥ ለሚቀልጠው በረዶ 100 ብሎ መቍጠሩ ነው። በ1744 ከሞተ በኋላ ግን ሌሎች ሰዎች ቍጥሩን ገለበጡትና ዛሬ በረዶ በ0 ይቀልጣል፥ ውኃም በ100 ይፈላል ይባላል።

ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ግን በባሕር ዳርቻ ነው። ወደ ደጋ በተወጣ ቍጥር ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀል ውኃ ቀድሞ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ውኃው ቢንተከተክም እንደ ቈላው አይሞቅምና።

ሁለቱ አቈጣጠሮች አንድን እህል በሁለት ቍና እንደ መስፈር ናቸው፤ እህሉ አልተለወጠም፥ ቍጥሩ ግን ይለያያል። በኢትዮጵያና በአብዛኛው ዓለም የሴልሲየስ፥ በአሜሪካ አገር ግን የፋራናይት አቈጣጠር የተለመደ ነው። አሜሪካ የምትኖር እኅት፥ «ልጄ 101 ዲግሪ ትኩሳት አለበት» ብላ ለወንድሟ ብትልክለት፥ ወንድሟ ልጁ እንደ ውኃ የፈላ መስሎት ይደነግጣል። የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ያሰላል፦ ከ101 ላይ 32 ይቀንሳል፥ 69 ይቀራል፤ 69ን በ5 ያባዛል፥ 345 ይሆናል፤ 345ን ለ9 ያካፍላል፥ 38 ዲግሪ ከ3 ዐሥረኛ ያህል ይሆናል። ይህም ልጁ ትኩሳት እንዳለበት የሚያስታውቅ ነው እንጂ ተአምር አይደለም።

ሦስተኛም አቈጣጠር አለ። ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በ1848 ፍጹም የሆነ አቈጣጠር እንዲኖር አሳሰበ። በስሙ የተጠራው ሥርዓት የሚጀምረው ከርሱ በታች ብርድ ከሌለበት ደረጃ ነው፤ ይህም በሴልሲየስ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ከ15 መቶኛ ነው። በዚህ አቈጣጠር የሰው አካል ሙቀት 310 ያህል ይሆናል።

ስለ ባዜቃም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ባዜቃ እንደ ብር የሚያበራ ውብ ነገር ነው፥ ተኑ ግን መርዝ ነው። ስለዚህ በ2013 ብዙ መንግሥታት ሚናማታ በተባለው ውል ባዜቃ ያለባቸው መለኪያዎች እንዲቀሩ ተስማሙ። ዛሬ በብዙ ስፍራ ነርሶች የሚይዙት በኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ ቍጥሩንም ራሱ የሚያሳይ መለኪያ ነው። አሮጌ የባዜቃ መለኪያ ተሰብሮ ቢገኝ ግን ልጅ ሊጫወትበት አይገባም፤ ለታላላቆቹ ይንገር።

፫፤ ደረጃው ሁሉን አይናገርም

እስከዚህ የተነገረው ስለ ሙቀት ደረጃ ነው። የሙቀት ብዛት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን የሚያሳስት ሰው ይጐዳል።

ብረት ቀጥቃጭ ወናፉን አስነፍቶ ብረቱን ሲያግልና በመዶሻ ሲመታው ፍንጣሪው እንደ ኮከብ ይረግፋል። የዚያ ፍንጣሪ የሙቀት ደረጃ ከ1000 ዲግሪ በላይ ነው። ሆኖም በቀጥቃጩ ክንድ ላይ ቢያርፍ ጥቂት ቈንጥጦት ወዲያው ይጠፋል። በዚያው ቀጥቃጭ ቤት ውስጥ ሚስቱ የጣደችው የውኃ ድስት 92 ዲግሪ ብቻ ነው፤ አይጮኽም፥ አያበራም። ነገር ግን ቢገለበጥ የሕፃን ቆዳ ይገፋል፥ ሞትም ሊያመጣ ይችላል። 1000 ዲግሪ ያለው ያልጐዳውን፥ 92 ዲግሪ ያለው ለምን ጐዳው?

ምክንያቱ ፍንጣሪው ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ ስለ ሆነ ነው። ደረጃው ከፍ ያለ ነው፥ በውስጡ ያለው የሙቀት ብዛት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጠጅ በብርሌ አንገት ከፍ ብሎ ቢታይ፥ በጋን ሥር ከቀረው ጠላ ይበዛልን? አይበዛም። የሙቀት መለኪያ የሚናገረው ከፍታውን ነው እንጂ ብዛቱን አይደለም።

ብዛቱ ደግሞ በክብደት ብቻ አይደለም የሚለየው። በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ መምህር የነበረው ጆሴፍ ብላክ በ1760 ገደማ ይህን ነገር ገለጠው። ከርሱ በፊት የተደረገ አንድ ፈተና ነበር። ፋራናይት ውኃና ባዜቃ በእኩል መስፈሪያ ቀላቅሎ ነበር። ብላክም ነገሩን በምሳሌ ሲገልጥ፥ በፋራናይት አቈጣጠር ውኃው 100፥ ባዜቃውም 150 ዲግሪ ይሁን አለ። ሰው ሁሉ ውሕዱ መካከለኛውን፥ 125ን፥ ይይዛል ብሎ ያስባል። የሚገኘው ግን 120 ነው አለ። ባዜቃው 30 ዲግሪ ሲወርድ ውኃው የወጣው 20 ብቻ ነው። ባዜቃም ከውኃ ዐሥራ ሦስት እጥፍ ያህል የሚከብድ ነውና፥ ብዙ ሙቀት ይይዛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ብላክ ይህን ተመልክቶ፥ ሙቀትና የሙቀት ደረጃ ሁለት ነገር እንደ ሆኑ፥ እያንዳንዱም ነገር ሙቀትን የሚይዝበት የራሱ ችሎታ እንዳለው አስተማረ።

ይህን በእህል ምሳሌ ማስተዋል ይቻላል። አንድ ቍና ጤፍ በጠባብ እንስራ ቢገባ እስከ አንገቱ ይደርሳል፤ በሰፊ ጎተራ ቢገባ ግን ወለሉን እንኳ አይሸፍንም። እህሉ አንድ ነው፥ ዕቃው ግን ይለያያል። ውኃ እንደ ሰፊው ጎተራ ነው፤ ደረጃው ጥቂት ከፍ እንዲል ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ብረት እንደ ጠባቡ እንስራ ነው፤ በጥቂት ሙቀት ደረጃው ከፍ ይላል።

ሊቃውንት ይህን ችሎታ በቍጥር ጽፈውታል። 1 ግራም ውኃ ደረጃው በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ከፍ እንዲል የሚያስፈልገው ሙቀት 1 ካሎሪ ይባላል። ለ1 ግራም ዘይት ግን ግማሽ ካሎሪ ያህል ይበቃል፤ ለድንጋይና ለደረቅ አሸዋ 0.2 ያህል፥ ለብረት 0.11፥ ለመዳብ 0.09፥ ለባዜቃና ለእርሳስ 0.03 ያህል ነው። ከዚህ እንደሚታየው፥ 1 ኪሎ ውኃን 10 ዲግሪ የሚያወጣ ሙቀት፥ 1 ኪሎ ብረትን ከ90 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል።

ስለዚህ 100 ዲግሪ የሆነ 1 ኪሎ ብረት፥ 20 ዲግሪ በሆነ 1 ኪሎ ውኃ ውስጥ ቢነከር፥ ብዙ ሰው መካከለኛው 60 ይሆናል ብሎ ይገምታል። ሙቀቱ ወደ ሌላ ካልባከነ ግን ሁለቱም የሚገናኙት በ28 ዲግሪ ገደማ ነው። ብረቱ 72 ዲግሪ ሲወርድ ውኃው የወጣው 8 ብቻ ነው። ቀጥቃጭ የጋለውን ማጭድ በውኃ ገንዳው ሲነክረው ማጭዱ ወዲያው የሚቀዘቅዘው፥ ውኃው ግን ብዙ የማይሞቀው ስለዚህ ነው።

በጣና ዳርቻ የሚኖር ልጅ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። በቀትር ፀሓይ ዳርቻው አሸዋ እግርን ያቃጥላል፥ ውኃው ግን ቀዝቃዛ ነው። በሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አሸዋው ቶሎ ቀዝቅዞ ውኃው ለብ እንዳለ ይገኛል። አንዲት ፀሓይ ሁለቱን አሞቀች፤ ቶሎ የሞቀው ቶሎ ቀዘቀዘ፥ ቀስ ብሎ የሞቀው ሙቀቱን ጠብቆ አቆየ።

፬፤ ውኃ የሚጐዳበትና የሚያድንበት

ውኃ ይህን ያህል ሙቀት መያዙ አንድ ጊዜ ጠላት፥ አንድ ጊዜ ወዳጅ ያደርገዋል። ቂጣና ገንፎ ከአንድ ምድጃ ቢወርዱ፥ ቂጣው ስስና ደረቅ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይበርዳል። ገንፎው ግን ብዙ ውኃ ስላለበት ላዩ የበረደ መስሎ ውስጡ ትኩስ ሆኖ ይቆያል፤ የቸኰለ ልጅ ምላሱን ይቃጠላል። እንደዚሁም ከምድጃ የወረደ የውኃ ድስት፥ እሳቱ ከጠፋ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ የሚያቃጥል ነው። ስለዚህ ብልህ እናት ድስቱን ሕፃን በማይደርስበት ስፍራ ታኖረዋለች፤ ታላቅ ወንድምም በምድጃ አጠገብ ታናሹን አያሯሩጥም።

ነገር ግን ሰው በተቃጠለ ጊዜ የሚረዳው ደግሞ ያው ውኃ ነው። ቆዳን ያቃጠለው ሙቀት ወዲያው አይጠፋም፤ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ሥጋውን ማብሰሉን ይቀጥላል። ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ በተቃጠለው ስፍራ ላይ ሳይዘገይ፥ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ሲፈስበት፥ ውኃው ያን ሙቀት ጠጥቶ ይወስደዋል። ቅቤ፥ ጭቃ ወይም ዐመድ መቀባት ግን ሙቀቱን አያወጣውም፤ ቍስሉንም ያቈሽሻል። በውኃ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ይልቁንም ሕፃን የሆነ እንደ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ሰው በገዛ እጁ ስሜት ብቻ ፈራጅ እንዳይሆን ነው። ከብርድ የመጣ ሰው ለብ ያለውን ሙቅ ይለዋል፤ ከእሳት ዳር የተነሣ ደግሞ ትኩሳት ያለበትን ጤነኛ ይለዋል። የታመመ ሰው በተገኘ ጊዜ ለሁሉ እኩል በሆነ መለኪያ ይለካ። ሁለተኛው፥ የሚያበራና የሚፈናጠር ሁሉ ብዙ ኀይል ያለው እንዳይመስል ነው። ፍንጣሪው ሺህ ዲግሪ ይዞ በክንድ ላይ ይጠፋል፤ ጸጥ ያለው ድስት ግን የቤቱን ሰው ያስለቅሳል። አስተዋይ ልጅ ስለዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ «ደረጃው ምን ያህል ነው?» ይላል፤ ደግሞም «ብዛቱ ምን ያህል ነው?» ይላል።

ጥያቄ

1፤ በሦስቱ ገበቴዎች ፈተና ሁለቱ እጆች ስለ አንድ ውኃ ስለ ምን ተለያዩ?
2፤ በረዶና የሚፈላ ውኃ ለመለኪያ ድንበር የሆኑት ስለ ምንድር ነው?
3፤ በፋራናይት 104 ዲግሪ የሆነ ትኩሳት በሴልሲየስ ስንት ይሆናል?
4፤ ከቀጥቃጭ ፍንጣሪ ይልቅ የፈላ ውኃ ድስት የሚያስፈራው ለምንድር ነው?
5፤ ሰው በተቃጠለ ጊዜ አስቀድሞ የሚደረገው ምንድር ነው? ምክንያቱስ?